የማይረገጥ አበባ

በቾ ቦሬ ቀበሌ ውስጥ፣ ከአናጺዎቹ ሰፈር ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው መታጠፊያ ላይ፣ ውብነሽ የማትረግጣት አንዲት ቦታ አለች። ስፋቷ ከአንድ ሰሌን አይበልጥም። አስፋልቱ እዚያ ጋ ከሌላው የተለየ አይደለም፤ ምልክት የለውም፣ ስንጥቅ የለውም፣ ዝናቡም ካጠበው ቆይቷል። ውብነሽ ግን ገበያ ስትወጣም፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ስትሄድም፣ ለቅሶ ስትደርስም፣ እዚያ ስትቃረብ ወደ ጎን ዞር ትልና ትቦውን ታክካ ታልፋለች። ሰፈሩ መጀመሪያ አይቶ አዘነላት፤ ቆይቶ ለመደው። መቼስ ሰው የራሱ ካልሆነ ሁሉንም ሐዘን መልመዱ አይቀርም።

ካቻምና ክረምት ሊዮል የወደቀው እዚያ ነው። አንድ ልጇ ነበር። አናጺ ቤት ሲሠራ ውሎ በዝናብ እየሮጠ ሲመጣ፣ ከአጋሮ በኩል የመጣ አንድ አይሱዙ መታጠፊያውን ሳያቀዘቅዝ ገባና ገጨው። ሹፌሩ አልቆመም፤ እስከ ዛሬም ማን እንደሆነ አልታወቀም። ቀድማ የደረሰችለት ጎረቤቷ ሀጂራ ነበረች። ሰው ሲሰበሰብ ሀጂራ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ፣ የልጁን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዝናቡን በሻርፗ ስትከልልለት ተገኘች። እናቱ ስትደርስ አልፎ ነበር። ስለዚያ ቀን ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ሽንኩርት ይበዳደራሉ፣ ስለ ውሃ መጥፋት አብረው ያማርራሉ፣ ስለዚያ ግን ዝም ነው።

ከአርባው በኋላ ውብነሽ ቦታዋን በድንጋይ ከበበቻት። የባጃጅ ልጆች ለጥቂት ቀን እያዘኑ ዞረው አለፉ፣ ከዚያ መንገዱ ጠበበን ብለው ድንጋዩን አንስተው ትቦ ውስጥ ከተቱት። መልሳ ደረደረችው። መልሰው ከተቱት። እንዲህ ሲመላለሱ ዓመት አለፈ፤ በመጨረሻ ዘንድሮ ከቀበሌ ሁለት ሰዎች ቤቷ ድረስ መጥተው፣ ከልብ እያዘኑ፣ "እናታችን፣ መንገድ የሁሉም ነው" አሏት። "እሺ" አለች። የውብነሽን እሺ የሚያውቅ ሰው ግን ያን ጊዜ መፍራት ነበረበት፤ እንቢ ስትል ትለመናለች፣ እሺ ካለች ግን የሆነ ነገር አስባለች ማለት ነው።

በከተራ ዕለት ሌላው ሰፈር የተገዛ ምንጣፍ እየዘረጋና እየጠቀለለ ታቦት ፊት ፊት ይሮጣል። የእነ ውብነሽ ሰፈር ግን መታጠፊያው ላይ የአበባ ምንጣፍ ይሠራል። ጠዋት ሙሉ የተለፋበት ነገር ከሰዓት በኋላ ተረግጦ ያልቃል፤ የሚሠራውም ለዚያ ነው። ነገሩን የጀመረው ሊዮል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር አበባውን እንዲሁ አስፋልቱ ላይ በትነውት ታቦቱ ሳይደርስ ነፋስ ጠርጎ ወሰደው፣ ሰፈሩም ዓመቱን ሙሉ ሳቀባቸው። በዓመቱ ሊዮል ከአናጺ ቤት በጆንያ ሰጋቱራ ተሸክሞ መጣ። ሰጋቱራውን በቀለም ነክሮ፣ አርጥቦ፣ ወፈር አድርጎ አነጠፈና አበባውን በላዩ ላይ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። እርጥቡ ያዘው፤ ነፋስ መጣ፣ ሄደ፣ አንድም ቅጠል አላነሳም። ለጥቁሩ መስመር ደግሞ ከቡና መፈልፈያው የሚጣለውን ገለባ አመጣ፤ በጥር ገለባ እንደ ልብ ነው። "የራስህን አልጋ ማንጠፍ ያቃተህ ልጅ ለታቦት መንገድ ታነጥፍ ጀመር?" ትለው ነበር እናቱ። እየቀለደችበት አብራው ተንበረከከች፣ ሥራውንም ከእጁ ተማረች።

ያኔ ሊዮል መሐሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ መስቀል ስሎ ነበር። ቄስ ወልደሰማያት በዚያ ሲያልፉ አዩትና ቆሙ። በእግራቸው አላጠፉትም፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና በእጃቸው ጠረጉት። "ልጄ፣ መስቀል ከእግር በታች አይሆንም" አሉት። "ሐረግ ሳል፣ ቅጠል ሳል፣ የወደድከውን ሳል። መስቀል ከሳልክ ግን ማን ይረግጠዋል? ታቦቱ እዚሁ ቆሞ ይቀራል።" ልጁ አፈረ፣ ሐረግ ሳለ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መታጠፊያ መስቀል ተስሎ አያውቅም። ውብነሽ ያን ንግግር ዘንድሮ ድንጋዮቿን ካጣች በኋላ አስታወሰችው፣ አንዴ ካስታወሰችው ወዲህም ከአእምሮዋ አልወጣ አላት።

አበባው የሀጂራ ነው። ሀጂራ ሙስሊም ናት፤ ታቦት አትሸኝም፣ አበባ ግን ትሰጣለች። ለሠርግም፣ ለመውሊድም፣ ለጥምቀትም ከአጥሯ የማይቆረጥ የለም፤ የጎደለውን ደግሞ እስከ ሰቶ ሰመሮ ድረስ እየሄደች ከሚያውቋት ግቢዎች ትለምናለች። የቆረጠችውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ውሃ ረጭታ ታሳድረዋለች፤ ጠዋት ሲፈታ አሁን የተቀጠፈ ይመስላል። "አበባውን የሰጠኝ አላህ ነው፣ እናንተ የወደዳችሁበት አንጥፉት" ትላለች። እንዲህ ያስለመዳት ሊዮል ነው።

የዘንድሮው ከተራ ጠዋት ወጣቶቹ መንገዱን በገመድ ዘግተው ባጃጆቹን በመንደራ ቆጪ በኩል አዞሯቸው። አለቃቸው ናኦድ ነው፤ ደህና ልጅ ነው፣ መጮህ ትንሽ ይወዳል እንጂ። ከሊዮል ጋር አብረው አድገዋል። ዳር ዳሩን ቄጠማ አደረጉ፣ ቀዩን ሰጋቱራ ዘረጉ፣ በገለባ ሐረግ አዞሩበት። ፀሐዩ ሲጠነክር ከትቦ እስከ ትቦ ያለው መሐሉ ብቻ ቀረ።

"መሐሉን ለእኔ ተዉት" አለች ውብነሽ። "እናንተ ሂዱና ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ልበሱ።"

"ዲዛይኑ ምንድነው እትዬ ውብነሽ?"

"ሲገለጥ ታየዋለህ።"

"ሰርፕራይዝ ነው ይበሉኛ" አለ ናኦድ እየሳቀ፣ ልጆቹን ሰብስቦ ሄደ። ሊዮል የወደቀው መሐሉ ላይ ነውና ለእሷ መተው ተገቢ መሰለው። ማንም ቢሆን ያን ያስብ ነበር።

ውብነሽ ቦታዋ ጠርዝ ላይ ተንበረከከች። ሳትረግጣት፣ እጇን እየዘረጋች፣ በጠመኔ መሰመር ጀመረች። መሐሉን እዚያችው ቦታ ላይ አደረገችው። ክንዶቹን ደግሞ ከዚህኛው ትቦ እስከዚያኛው ትቦ ዘረጋቻቸው፣ በጎን የሚያሳልፍ እንዳይኖር፤ በመስመሩ ውስጥም እርጥቡን ቀይ ሰጋቱራ አነጠፈች። ሀጂራ ነጩን አበባ በኮባ ታቅፋ መጣችና ከአጠገቧ ቆመች።

"ውቤ፣ ይሄ መስቀል ነው።"

"ነው።"

"አይረገጥም ተብላችሁ አልነበር? ቄሱ ሊዮልን ሲመክሩት እኔም ነበርኩ።"

"ለዚያው ነው" አለች ውብነሽ፣ ቀና ሳትል።

ሀጂራ መሬቱን አየች። የመስቀሉ መሐል የት እንዳረፈ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "ማሎ ውቤ፣ እባክሽ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄ ነገር በሰው ላይ ጣጣ ያመጣል።"

"በማን ላይ?"

"እኔ እንጃ። በአንዱ ላይ ያመጣል።"

"አንድ ቀን ብቻ ሀጂ። አንድ ቀን ሰው እግሩን አያሳርፍበት። በየቀኑ ነው የሚረግጡት፤ በየቀኑ መስኮቴ ላይ ሆኜ አያለሁ። አንድ ቀን ታቦቱም ይቁምለት፣ ሰዉም ይቁምለት። ሌላ ምን ለመንኩ?"

ሀጂራ ጫማዋን አወለቀች፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ተንበረከከች፣ ከልማድ "ቢስሚላህ" አለችና ነጩን አበባ በሰጋቱራው ላይ ጫን ጫን ማድረግ ጀመረች። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ሠሩ። ሲጨርሱ ከፀሐይ ለመከላከል ምንጣፉን በሙሉ፣ እንደ ወትሮው፣ በሰፋፊ ኮባ ሸፈኑት። የሁለቱም እጅ እስከ ክርናቸው በቀዩ ቀለም ተነክሮ ነበር፤ ያ ቀለም በሳሙና ቶሎ የሚለቅ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ከበሮው ከሩቅ ተሰማ። መታጠፊያው በነጭ ልብስ ሞላ። ውብነሽ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ነጠላው ውስጥ ደብቃ ከትቦው ጠርዝ ቆመች። ሀጂራ ከመንገዱ ማዶ፣ ከገመዱ ውጭ፣ አጥር ተደግፋ ቆማለች። በየዓመቱ እዚያ ጋ ነው የምትቆመው፤ አበባዋ ሲገለጥ ማየት ትወዳለች።

ዝማሬው ሲቀርብ ናኦድና ጓደኞቹ ኮባውን ከዳር ጀምረው ያነሱ ጀመር። ቀዩ ወጣ፣ ሐረጉ ወጣ፣ ሰዉ አደነቀ። የመሐሉ ኮባ ሲነሳ የናኦድ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ነጩ መስቀል ከትቦ እስከ ትቦ ተንጣልሎ መንገዱን ዘግቶታል። አጠገቡ የነበሩት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ፣ አንዲት ሴት አማተበች። ፊት ፊት የሚሮጡት ልጆች ቆሙ፣ ከእነሱ ኋላ ዘማሪዎቹ ቆሙ፣ ከዚያ ዲያቆናቱ፣ ከዚያ ታቦቱን ያከበሩት ካህን ከእነ ጥላቸው ቆሙ። ከበሮው ተቋረጠ።

ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን የሚያየው ነገር የለም። ታቦቱ መቆሙን ብቻ ነው ያወቀው። ታቦት መንገድ ላይ ሲቆም ደግሞ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። "አልሄድም አለ" ተባለ፣ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ሄደ፣ እልልታው ቀለጠ። ኋላ ያሉት ተአምር ሆነ ብለው እልል ሲሉ፣ ፊት ያሉት ማን ምን በድሎ ነው እያሉ ይንሾካሾካሉ።

ውብነሽ ደስ አላት ማለት ነውር ይመስላል፤ ግን ደስ አላት። ያቺ ቦታ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ነጭ ለብሳ ማንም ሳይነካት ተኝታለች። ጥላዎቹ ከፊቷ ቆመዋል፣ ጸናጽሉ ዝም ብሏል። ለሊዮል እንዲህ ያለ ቀን ሆኖለት አያውቅም፤ የተቀበረውም በዝናብ ነው። ትንሽ ይቆይ፣ አለች በልቧ። ትንሽ ብቻ።

"ማነው ይሄን የሠራው?" ናኦድ ጮኸ። ዓይኑ ውብነሽን ፈልጎ አገኛት፤ እሷ ግን መሬት መሬት ታያለች። መሐሉን ለእሷ የተወው እሱ ራሱ ነው፤ ልጁ ተደናገረ። እትዬ ውብነሽ ሥርዓቱን ከማንም በላይ እንደምታውቅ ያውቃል፤ እሷ ናት ብሎ ማሰብ አልቻለም።

"ሀጂራ ነች እዚህ ስትደረድር የነበረችው" አለ አንዱ ከሕዝቡ መሐል። "በዓይኔ አይቻለሁ፣ ነጩን ይዛ።"

"ሀጂራ? እሷ ምን አገባት መስቀል ውስጥ?"

"እንዲረገጥ ነዋ" አለ ሌላ ድምፅ፣ የማይታወቅ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ድምፅ። ከዚያ በኋላ የተባለውን መድገም አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ከአንድ ሱቅ ስኳር የሚገዙ ሰዎች ዞረው ሀጂራን አዩ። አንዳንዶቹ አፍረው ዓይናቸውን መለሱ፤ መልሰው ግን አፋቸውን አልከፈቱም።

ሀጂራ ከአጥሩ አልተነቃነቀችም። መንገዱን አሻግራ ውብነሽን አየቻት፤ በቁጣም አይደለም፣ በልመናም አይደለም፣ አየቻት ብቻ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ጣቷን ብትቀስር እንኳ ይበቃ ነበር። አልቀሰረችም። ውብነሽም ቀይ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አጥብቃ ያዘች። ልትናገር አስባለች፤ ግን ከተናገረች ይነሳል፣ ከተነሳ ይረገጣል። ትንሽ ይቆይ የምትለው ነገር እየረዘመ ሄደ።

በዚህ መሐል አንድ ጎረምሳ ገመዱን ተሻግሮ የሀጂራን እጅ ያዘና ለሁሉም እንዲታይ ወደ ላይ አነሳው። "እዩት፣ ቀለሙ አለ" አለ። እጇን ሲስበው ሻርፗ ከራሷ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሀጂራ በሌላ እጇ ሻርፑን ለመያዝ ታገለች።

ያ ሻርፕ ነው ውብነሽን ያናገራት። ያን ቀን ሀጂራ ራሷ በዝናብ እየራሰች በዚያ ሻርፕ የማንን ፊት ትሸፍን እንደነበር ትዝ አላት።

"እኔ ነኝ" አለች። እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታ ዘረጋቻቸው። "እኔ ነኝ የሠራሁት። ልቀቃት። ልቀቃት አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ አልኩህ።"

ጎረምሳው የሀጂራን እጅ ለቀቀ። ቄስ ወልደሰማያት ከካህናቱ መሐል ወጥተው ወደ ውብነሽ መጡ። ቀይ እጆቿን አዩ፣ መስቀሉን አዩ፣ መሐሉ ያረፈበትን ቦታ አዩ። ሊዮልን የገነዙት እሳቸው ናቸው፤ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

"ውብነሽ፣ ታቦት መንገድ ላይ አስቁመሻል።"

"አውቃለሁ አባ።"

"ሰውም ልታስደበድቢ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች፣ እንባዋ መጣ። "እንዳይረግጡት ብዬ ነው አባ። ልጄ የወደቀበትን አንድ ቀን እንዳይረግጡት ብዬ ነው።"

ፊት ያሉት ሰሙ። እንደ ቅድሙ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ሄደ፤ ይሄኛው በሄደበት ሁሉ እልልታውን እያጠፋ ሄደ። "የሠራው እጅ ያንሳው" አሉ ቄሱ፣ ድምፃቸውን አለዝበው። "በእጅሽ አንሺው።"

ተንበረከከች። ነጩን አበባ ከሰጋቱራው እየለየች ነጠላዋ ላይ ትሰበስብ ጀመር። አንዱን ስታነሳ ሌላው ይወድቅባታል። ከወዲያኛው ጠርዝ ሌሎች ሁለት ቀይ እጆች ሲመጡ አየች። ሀጂራ ሻርፗን መልሳ ጠምጥማ፣ ገመዱን ተሻግራ፣ ጠዋት የተንበረከከችበት ቦታ ተንበርክካለች። ከሕዝቡ አንድ ሰው ሊናገር ሲል ቄስ ወልደሰማያት ዞረው አዩት፣ ዝም አለ።

ሁለቱ ሴቶች ከሁለቱ ክንዶች ጀምረው ወደ መሐል እያነሱ ተቃረቡ። እጃቸው ሊነካካ ሲል ሀጂራ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ቆየሽ ውቤ" አለች።

እውነት ነው፣ ውብነሽ ቆይታለች።

አበባው ተነሳ፣ የሰጋቱራው ቅርፅም በእጅ ተጠረገ፣ አስፋልቱ ወጣ። ጥቁር፣ ተራ አስፋልት ነበር። መንገዱ ተከፈተ፤ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ናኦድና ልጆቹ ፊት ፊት ሊሮጡ የሚገባቸው ነበሩ፤ አሁን ግን እዚያ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ቀድሞ እግሩን የሚያነሳ ጠፋ። ናኦድ እያለቀሰ ነበር። ካቻምና ክረምት የሊዮልን ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ቦታዋ እንዳትረገጥ ይሄን ሁሉ የለፋች ሴት በመጨረሻ የፈለገችውን አገኘች፤ ሕዝቡ በሙሉ ከቦታዋ ፊት ቆሞ አልረግጥም አለ። ታቦቱ ግን ወደ ውሃው መውረድ አለበት።

ቄስ ወልደሰማያት አዩዋት።

ውብነሽ ገባት። ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ዞራ ያለፈችውን ቦታ አየችው። ከዚያ ባዶ እግሯን አነሳችና አሳረፈችበት። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብላ ነበር፤ ለዚያ ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራችው። የተሰማት የአስፋልት ሙቀት ብቻ ነው። እንደ ሌላው አስፋልት ሁሉ በፀሐይ ሞቋል፣ ሌላ የለውም። ከሁሉ የባሰው ያ ሆነባት፤ ጮኻ አለቀሰች። ሁለተኛውን እግሯን ደገመች፣ ተሻገረች። ከኋላዋ ከበሮው ተመታ። እግር ተከታትሎ ሲመጣ ሰማች፣ ዞራ ግን አላየችም።

ሁሉም ካለፈ በኋላ ሰዉን ተከትላ አልሄደችም፤ ተመለሰች። ምንጣፉ እንደ ወትሮው አልቋል። ያ ሁሉ እግር ቀዩን ሰጋቱራ፣ ገለባውን፣ ቄጠማውን፣ የተረፈውን አበባ አንድ ላይ ለውሶ መታጠፊያውን በሙሉ አልብሶታል። ውብነሽ መሐል መንገድ ቆማ ቦታዋን ፈለገች። ከትቦው ለካች፣ ከመስኮቷ ለካች። ጠፋባት። እዚህ ጋ ትላለች፣ ደግሞ እዚያ ጋ ትላለች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖባታል። ደነገጠች፤ ልጇን ዳግመኛ ያጣችው መሰላት።

ሀጂራ መጥረጊያ ይዛ ከማዶ መጥረግ ጀምራ ነበር። ዛሬ እንኳ ሳይጠረግ አይታደርም። አቀርቅራ፣ ሳትናገር፣ ወደ ትቦው እየገፋች ትመጣለች። ውብነሽ እጆቿን አጣምራ ታያታለች። ምን ብላ እንደምታናግራት አታውቅም፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚያ ሁሉ ዝምታ አነሰባት። ሀጂራ መሐል መንገድ ስትደርስ መጥረጊያዋን ገታ አደረገች። ዞረች። በወዲያ ጠረገች፣ በወዲህ ጠረገች፣ አንድ ሰሌን የምታህል ቦታ ሳትነካ ትታ ወደፊት ቀጠለች። እጇ ቦታውን ሳትፈልገው ነበር የዞረላት፤ የለመደ ሰው አዟዟር ነው።

ውብነሽ ያን ጊዜ ነው የገባት። ይህን ሁሉ ጊዜ ሀጂራም ዞራ ነበር የምታልፈው። አይታት አታውቅም፤ መስኮቷ ላይ ሆና የረገጡትን ብቻ ስትቆጥር ነበር።

"እሱንም ጥረጊው ሀጂ" አለቻት።

ሀጂራ ቆመች። ቀና አላለችም። "እኔ አልችልም" አለች፣ መጥረጊያውንም ሰጠቻት።